የእትዬ ዳለቻ ሻንጣ

ተረት ተረት!

«የላም በረት» አላችሁ? ቆዩ እንጂ፣ ዛሬ ላምም በረትም የለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አህያ ነው። «ተረት ተረት» ስላችሁ «የአህያ ኩራት» በሉ። እንደገና፤ ተረት ተረት! እንዲህ ነው እንጂ! አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ገና ሳልጀምር አትሳቅ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት አፍ አውጥተው ሲናገሩ፣ ዕቃም ከእነሱ እኩል ሲናገር፣ እትዬ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ሸክም ስትሸከም የኖረች ናት። ጨው ስትሸከም፣ እንጨት ስትሸከም፣ ውኃ ስትሸከም። የራሷን ዕቃ ግን አንድም ቀን ተሸክማ አታውቅም።

አንድ ቀን ወሬ ደረሳት። አንድያ ልጇ እንኮዬ ከወንዙ ማዶ ልትዳር ነው። ሰርጉ እሑድ ነው። በአህዮች አገር ደግሞ ወግ አለ፤ ሙሽሪት የእናቷን ጉልበት ስማ ሳትመረቅ ከተቀመጠችበት አትነሣም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናት ካልደረሰች ሙሽራው እያለቀሰ ባዶውን ይመለሳል፣ ሰርጉም ይፈርሳል። ድግሱ ግን ይበላል፤ እሱን የሚያስቀረው ነገር የለም።

እትዬ ዳለቻ ይዛ የምትሄደው ሦስት ነገር ነበር። ለሰርጉ የምትለብሰው ነጠላ፣ ከእናቷ የወረሰችው ለልጇ የምትሰጠው ቃጭል፣ እና ለስንቅ አንድ እፍኝ ገብስ። «እንግዲህ ሻንጣ ያስፈልገኛል» አለችና ልትዋስ ወደ እመት ጦጣ ቤት ሄደች። እመት ጦጣ ሦስት ወንድማማች ሻንጣዎች ነበሯት።

ትንሹ ሻንጣ ቀድሞ ዘለለ። «እኔን! እኔን! እኔ ቀላል ነኝ፤ መኖሬም አይታወቅሽ!»

ሞከረችው። ቃጭሉ ገባ። ገብሱ ገባ። ነጠላው እምቢ አለ።

«ነጠላ ለምኑ ነው? በቆዳሽ ሂጂ» አላት።

«አማቾቼ ፊት በቆዳዬ! ባለጌ!» ብላ ክዳኑን ደፋችበት።

መካከለኛው ሻንጣ ረጋ ብሎ «እትዬ፣ መጀመሪያ ዕቃሽን ፊቴ ዘርጊው። አይቼ እነግርሻለሁ» አለ።

«ደግሞ ሻንጣ መርማሪ ሆነ?» ብላ አለፈችው።

ትልቁ ሻንጣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ዳለቻ፣ ስንቱን ሸክም ተሸክመሽ ኖረሽ፣ ለራስሽ ሲሆን ትንሽ ሻንጣ? ትልቅ እናት በትልቅ ሻንጣ ነው የምትታወቀው። ቦታ ቢተርፍስ ምን ይጎዳሻል? ቦታ አይበላ፣ አይጠጣ!»

ይህ ነገር አንጀቷ ድረስ ገባ። እውነትም ለራሷ ምን አድርጋ ታውቃለች? ትልቁን አንሥታ ጀርባዋ ላይ ጫነች። እመት ጦጣ ከዛፉ ላይ ሆና «ትርፍ ቦታ ባለቤት አያጣም» አለች፤ የሰማት ግን የለም።

እሑድ በማለዳ እትዬ ዳለቻ ጉዞ ጀመረች። ነጠላውና ገብሱ አንድ ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል። ቃጭሉ ደግሞ በዚያ ሰፊ ሆድ ውስጥ ከዳር ዳር እየተንከባለለ ቅጭል ቅጭል ይላል። መንገደኛ ሻንጣ ይዞ ሲወጣ አይቶ አደራ የማይልክ ጎረቤት ደግሞ እስካሁን አልተወለደም።

እትዬ ዶሮ እየሮጠች መጣች። «ውይ፣ ባዶነቱ እኮ ከሩቅ ይሰማል! ማዶ ላለችው እህቴ አንድ ቁና ማሽላ ነበረችኝ። ቦታ አለሽ ወይ?»

«ቦታማ አለ!» አለች እትዬ ዳለቻ። ማሽላው ገባ።

ትንሽ እንደሄደች አያ ዝንጀሮ ድንጋይ አቅፎ ጠበቃት። «የአያታችን መቀመጫ ነው። ማዶ ያለው የአጎቴ ልጅ ድርሻዬ ነው እያለ ይወቅሰኛል። ቦታ አለሽ ወይ?»

ልትል የፈለገችው «አያ ዝንጀሮ፣ ድንጋይ እኮ ነው» ነበር። ያለችው ግን «ቦታማ አለ!» ነው። ድንጋዩ ገባ።

ይህን ሁሉ፣ የሰርጉንም ወሬ፣ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ይሰማል። ሰርግ! የአህያ ሰርግ! ምራቁ ተዝረበረበ። አንዲት አህያ መንገድ ላይ ከመብላት ሙሉ ሰርገኛውን ከነሙሽራው መብላት አይሻልም? በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው እሱ አይደል? ዛሬ ግን ራሱ እንደ ቁርበት መንገዱ መሐል ተነጠፈ።

«እትዬዋ» አለ ድምፁን አቅጥኖ፣ «እኔ ምንጣፍ ነኝ። ለሰርጉ ተልኬ የሚያደርሰኝ አጣሁ። እግር የለኝም። ቦታ አለሽ ወይ?»

እትዬ ዳለቻ ቆም አለች። «ምንጣፍ ይናገራል እንዴ?» ብላ ራሷን ጠየቀች። «ሻንጣ ከተናገረ ምንጣፍን ማን ከለከለው?» ብላ ራሷ መለሰች። ዓይኗም ደከም ያለ ነበር።

«ቦታማ አለ!»

ምንጣፉ ተጠቅልሎ ገባ። አትሳቁባት፤ እናንተም ስንት ጊዜ እምቢ ማለት አቅቷችኋል።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ጉዞ አልሆነም። ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ታርፋለች። ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ታርፋለች።

«እትዬ፣ ይህ ምንጣፍ ምራቅ አለው» አለ ትልቁ ሻንጣ።

«አዲስ ስለሆነ ነው።»

«እትዬ፣ ጥርስም አለው!»

«ዝም በል! ቦታ አይበላ፣ አይጠጣ ያለኝ ማን ነው?»

ወንዙ ጋ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ከማዶ ከበሮው ይሰማል። እልልታው ግን ቆሟል፤ ሰዓቱ እየሄደ፣ ሙሽሪት እንደተቀመጠች፣ ሁሉም መንገድ መንገዱን ያያል።

የሚያሻግረው አባ ጉማሬ ነው። «በአንድ ጊዜ አንድ ሸክም ብቻ ነው የማሻግረው» አላት። «ወይ አንቺ፣ ወይ ሻንጣሽ። ለመሆኑ ምን ይዘሻል?»

«ነጠላ፣ ቃጭል፣ እፍኝ ገብስ።»

«ይህ ሁሉ?»

«ማሽላም አለ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ድንጋይ። ምንጣፍ።»

አባ ጉማሬ አፍንጫውን ወደ ሻንጣው አስጠጋ። ከዚያ ጆሮዋ ሥር «ምንጣፍሽ ይተነፍሳል» አላት።

እትዬ ዳለቻ ሻንጣውን አውርዳ ክዳኑን በትንሹ ገለጥ አድርጋ አየች። ክብ ጆሮ። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ከፍርሃቱ የባሰው ግን እፍረቱ ነው። ልጇን የሚበላውን ጅብ እስከ ሰርጉ ድረስ በገዛ ጀርባዋ ተሸክማ ልታደርሰው ነበር! ክዳኑን መልሳ ዘጋችና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አባ ጉማሬ፣ በእኛ አገር ምንጣፍ ሳይራገፍ ሰርግ ቤት አይገባም።»

«በእኛም አገር እንደዚያው ነው» አለ አባ ጉማሬ።

እትዬ ዳለቻ ጀርባዋን ወደ ሻንጣው አዞረች። የአህያን የኋላ እግር የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ዷ!

አያ ጅቦ ጥርሱን ነከሰ። ምንጣፍ አይጮህም።

«አቧራው ብዙ ነው» አለ አባ ጉማሬ።

ዷ!

አያ ጅቦ ጅራቱን ነከሰ። ምንጣፍ አያለቅስም።

«አሁንም አለ።»

ዷ!

«ኧረ ምንጣፍ አይደለሁም! ጅብ ነኝ! በእናትሽ ጅብ ነኝ!»

«አይደለህም» አለ አባ ጉማሬ። «ጅብ ብትሆን አህያ ተሸክማህ ትመጣ ነበር?»

አያ ጅቦ ሻንጣውን ቀዶ ወጣና ወገቡን እየጎተተ ጠፋ። ጅብ እስከ ዛሬ ከኋላው ዝቅ ብሎ የሚሄደው ለምን መሰላችሁ?

እትዬ ዳለቻ ጊዜ አልነበራትም። ነጠላዋን ለበሰች። ገብሱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ቃጭሉን አንገቷ ላይ አሠረች። በቃ፣ ዕቃዋ ይኸው ነበር።

«ማሽላውን በሁለተኛው ዙር አደርሳለሁ፤ ሻንጣውንም ለእመት ጦጣ እሰፋላታለሁ» አለ አባ ጉማሬ እንድትወጣበት ጀርባውን እየሰጣት። «ድንጋዩን ግን ተዪው፤ ማዶም ድንጋይ ሞልቷል።»

ፀሐይ ግማሿ ጠልቃ፣ የሙሽራው ከንፈር ለለቅሶ ሲንቀጠቀጥ፣ ቅጭል ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማ። እንኮዬ ቃጭሉን ታውቀዋለች፤ የአያቷ ነው። «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ጉልበቷንም ሳመች። እትዬ ዳለቻ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና መረቀቻት።

«ልጄ፣ ቤትሽ ሰፊ ይሁን፣ ሻንጣሽ ልክሽ ይሁን! ለእንግዳ ቦታ ይትረፍሽ፣ ለጅብ አይትረፍሽ!»

ሰርገኛው ነገሩ ሳይገባው በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ።

እናንተም ተረቴን አጣጥፋችሁ ክተቱት። ቦታ ከተረፈ ግን ተረት አልጨምርላችሁም፤ ሻንጣ ለውጡ።