ኤሊ የቀደመችው ዝንጀሮ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ያቅና፣ እንቅልፉ የመጣ ግድግዳ ይደገፍ።

ዱሮ ዱሮ፣ አውሬው ሁሉ እንደ ጎረቤት እየተጠያየቀ በሚኖርበት ዘመን፣ ስሟን አያቴም ባልነገሩኝ አንዲት አገር፣ ትልቅ ገደል ላይ የሚያድር የዝንጀሮ መንጋ ነበር። ቀን ቀን ወርዶ ሜዳው ላይ ይለቅማል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነብር እንዳይበላው ገደሉ ላይ ይወጣል። ከመንጋው መሀል ጓንጉል የሚባል ዝንጀሮ ነበረ። ክፉ አልነበረም፤ ሆዳም ነበር እንጂ። ሚስቱ ማንጠግቦሽ፣ «አንተን ሲፈጥርህ መጀመሪያ ሆድ ሠራ፤ እጅና እግር በኋላ ነው የቀጠለልህ» ትለው ነበር።

አንድ ቀን ጓንጉል ሾላ ዛፍ ላይ ወጣ። ሾላው በስሎ ቀልቷል። በቀኝ እጁ ያዘ፣ በግራ እጁ ያዘ፣ በቀኝ እግሩ ያዘ፣ በግራ እግሩ ያዘ፣ አፉንም ሞላ። ሁሉም ሾላ ከያዘ ቅርንጫፉን ማን ይያዝ? ዱብ! ቀኝ ጉልበቱ ቀጭ አለና ወለቀ። ጓንጉልም መጀመሪያ አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠ፤ ከዚያ በኋላ ጮኸ።

የአገሩ ወጌሻ እመት ኤሊ ናት። ተጠርታ በሦስተኛው ቀን ደረሰች። «ምነው ዘገየሽ?» ቢሏት፣ «እኔ መቼም ዘግይቼ አላውቅ፤ እናንተ ናችሁ ቸኩላችሁ የምትወድቁት» አለች። ጉልበቱን በቅቤ አሸችው፣ ሳብ አደረገችው፣ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ከዚያ በቀርክሃ ስንጥር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«ስማኝ ጓንጉል» አለችው። «ሃያ አንድ ቀን አርፈህ ተኛ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ይፈታልህና ቀስ እያልክ መራመድ ጀምር። ያልተንቀሳቀሰ ጉልበት ይደርቃል።»

ጓንጉል «አርፈህ ተኛ» የምትለዋን በሁለት ጆሮው ሰማት። «መራመድ ጀምር» የምትለዋ ስትደርስ እንቅልፍ ይዞት ነበር።

ገደል መውጣት ስለማይችል ከገደሉ ሥር ያለች ዋሻ ውስጥ አስተኙት። ማታ ማታ የመንጋው ስምንት ጎበዞች ከውጭ ድንጋይ አንከባልለው ይዘጉለታል፤ ጠዋት መጥተው ይከፍቱለታል።

በዚያ አገር ደግሞ ደንብ አለ። የታመመ ይጠየቃል፤ ባዶ እጅ ግን አይጠየቅም። ጠያቂ «በሞቴ» ካለ፣ የቀረበው ይበላል፤ የጠያቂን ሞት ንቆ እምቢ ያለ ነውረኛ ነው። እንግዲህ ሆዳም እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት አገር ሲታመም ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ሽኮኮ ማር ይዛ መጣች።

«ጓንጉልዬ፣ እግዜር ይማርህ። እንዴት ነህ?»

«ተመስገን፤ ጉልበቴ ነው እንጂ።»

«እስቲ ትንሽ ቅመስ።»

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ!»

«በሞቴ ካልሽማ ምን አደርጋለሁ» አለና ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችው፤ ሁለት አነሰ ብላ ሦስተኛ አስከተለችለት።

ከርከሮ ሥራሥር ምሶ መጣ። «በሞቴ!» «በሞቴ ካልክማ ምን አደርጋለሁ።» ጃርት ከሰው ማሳ የቆፈረችውን ድንች አመጣች። «በሞቴ!» «በሞቴ ካልሽማ ምን አደርጋለሁ።» ሚዳቋ የባቄላ እሸት፣ ቆቅ የገብስ እሸት። ሁሉም አጉርሶ ሲወጣ፣ «ወፈርክ! አማረብህ! መተኛቱ ተስማማህ!» ይለዋል። ነብር ሳይቀር ከዋሻው በታች ካለው ወንዝ ማዶ ቆሞ ይጣራ ነበር። «ጓንጉል፣ ተሻለህ ወይ? አይዞህ፣ ብላ፣ ተኛ፣ አትቸኩል፣ በሞቴ!»

«አየሽ፣ ነብር እንኳ አዘነልኝ» ይላል ጓንጉል ለማንጠግቦሽ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ማንጠግቦሽ ማሰሪያውን ፈታችለት። «በል ተነሥ» አለችው። ጓንጉል እግሩን መሬት አስነካ፤ ወዲያው ወጋ አደረገው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራ። ያቺ ቀጭ ያለችው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበረች፤ ደግማ የምትመጣ መሰለው። ፈራሁ ማለት ግን ለወንድ ዝንጀሮ አይሆንምና፣ «እንዴት ልነሣ? ጉልበቴ!» አለ።

በሠላሳኛው ቀን «ተነሥ» ብትለው፣ «እንዴት ልነሣ? ጉልበቴ!» በስድሳኛው ቀን «ተነሥ» ብትለው፣ «እንዴት ልነሣ? ጉልበቴ!» በዚህ መሀል ሆዱ አደገ። ሊቀመጥ ሲል ሆዱ ቀድሞት ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

በጋው ገፋ፤ ወንዙ መጉደል ጀመረ። የመንጋው ሽማግሌ አባ ሸበቶ ሁሉን ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጨረቃ ሁለቴ ስትሞላ ውሃ ወዳለበት ወደ ማዶው ገደል እንሄዳለን። እንደ አባቶቻችን ደንብ ሁሉም በገዛ እግሩ ይሄዳል» አለ።

ጓንጉል ብልጠት መጣለት። «አባ ሸበቶ፣ የሰው ልጅ በሽተኛውን በቃሬዛ ይሸከም የለም እንዴ? እኛ ከሰው በምን እናንሳለን?» አለ። ነገሩ የመንጋውን ኩራት ነክቶ ኖሮ የቀርክሃ ቃሬዛ ተሠራ። ስምንቱ ጎበዞች ጓንጉልን አስተኝተው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንሡ!» ተባባሉ። ቃሬዛው ገና ከመሬት ከፍ እንዳለ ቀርክሃው እንክት አለ። ሁለቱ ጎበዞች ወገባቸውን ያዙ። ጓንጉል በመቀመጫው አረፈ፤ መቸም የዝንጀሮ መቀመጫ ድሮም ቀይ ነው፣ ያን ዕለት ግን ባሰ።

አባ ሸበቶ ራሱን ነቀነቀ። «አንተን ተሸክመን ገደል እንውጣ ካልን፣ የመንጋው ጉልበት ሁሉ በቀርክሃ መታሰሩ ነው። አይሆንም።»

«እንግዲያስ እኔ እዚሁ ዋሻዬ ውስጥ ብቀርስ?» አለ ጓንጉል።

«ማታ ድንጋዩን ማን ይዘጋልሃል?»

ከወንዙ ማዶ አንድ ድምፅ መጣ። «እኔ አለሁለት!» አለ ነብር።

ጓንጉል ዞሮ አየው። ነብሩ ምላሱን ከንፈሩ ላይ እያዞረ ነበር። ለካ ያ ሁሉ «ብላ፣ ተኛ» ለሙክት የሚባለው ኖሯል!

አመሻሹ ላይ ማንጠግቦሽ አጠገቡ ተቀምጣ ፀጉሩን እየፈተሸች ቅማል ትለቅምለታለች። «አንተ ከቀረህ እኔም እቀራለሁ» አለችው፤ እንባም አልነበራት፣ ቁጣም አልነበራት።

«ኧረ በይ ሂጂ! ነብር እኮ ነው።»

«ነብር መሆኑን አውቃለሁ። እቀራለሁ አልኩህ፣ እቀራለሁ።»

ጓንጉል ሆዱ ባባ። እስከዚያ ቀን የፈራው ለጉልበቱ ነበር፤ ያን ዕለት ለማንጠግቦሽ ፈራ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደው፤ ሲነጋ፣ «እመት ኤሊን ጥሩልኝ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ደረሰች። ጉልበቱን ጫን ጫን አደረገችው፣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። «ጉልበትህማ ድኗል» አለች። «ግን እኔ ያሰርኩት ለአንድ ዝንጀሮ ነበር፤ አንተ ሁለት ዝንጀሮ አስቀመጥክበት።»

«ታዲያ ለምን ያመኛል?»

«ተኝቶ የከረመ ሲነሣ ያመዋል። ጥቂት ሕመም ብትሰማ ታገሥ፤ ካበጠ አርፈህ ንገረኝ። ምግብህን በግማሽ ቀንስ። ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።»

«ጠያቂዎቹስ? በሞቴ ሲሉኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

«አንተስ በሞቴ ማለት ማን ከለከለህ? ለመጉረስ ብቻ ነው እንዴ አፍ ያለህ?» አለችው።

በዚያው ሰሞን ሽኮኮ ማሯን ይዛ መጣች። «በሞቴ ቅመስ!» ጓንጉል ምራቁን ዋጠና፣ «በሞቴ፣ መጀመሪያ እስከ ሾላዋ ደግፊኝና እንሂድ!» አላት። ሽኮኮ ግራ ገባት፤ ደንብ ደንብ ነውና ደገፈችው። በእሱ እርምጃ ሾላዋ ጋ እስኪደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ሽኮኮ ርቧት ማሩን ራሷ ጨረሰችው። ከርከሮም እንዲሁ ሆነ፤ ጃርትም እንዲሁ። ቀስ በቀስ ጠያቂው ሳሳ። አንዳንዱማ ጓንጉል ቆሞ ሲጠብቀው ካየ ስንቁን ይዞ ከመንገድ ይመለስ ጀመር።

ከእመት ኤሊ ጋር የወጣባት የመጀመሪያዋ ቀን ግን አትረሳም። ከዋሻው ትንሽ ራቅ ብሎ እስካለ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበር ጉዞው። ኤሊ ድንጋዩ ጋ ደርሳ ዞር ብትል ጓንጉል ገና መንገድ መሀል ያለከልካል። አገሩ ሁሉ ወጣ። «ኤሊ ቀደመችው! ኤሊ ቀደመችው!» ጦጣ ከሳቋ ብዛት ቅርንጫፏን ልትለቅ ነበር። ጓንጉል አፈረ፤ ተመልሶ ዋሻው ሊገባም አሰበ። ይሄኔ ነብር ከማዶ፣ «ምን አደከመህ ጓንጉል? ግባና ተኛ፣ በሞቴ!» አለ። ጓንጉል ይህን ሲሰማ አንድ እርምጃ ጨመረ።

ጉልበቱ ያበጠ እንደሆነ ኤሊ ወደ ወንዙ ትወስደዋለች። «ግባ፤ ውሃ ከእኔ የተሻለች ወጌሻ ናት፣ ክብደትህን ትሸከምልሃለች» ትለዋለች። መጀመሪያ ቀን ሲገባ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰና እንቁራሪቶቹ ደረቅ ላይ ቀሩ። አቤቱታቸው እስከ አባ ሸበቶ ደረሰ። ጓንጉል እስከ ደረቱ ገብቶ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ እውነትም ውሃ ውስጥ ጉልበቱ አይወጋውም።

ታዲያ አመል ያው አመል ነው። አንድ ጠዋት፣ «ዛሬ ብቻዬን ወንዝ ደርሼ መጣሁ» አለ።

«ጎሽ!» አለች እመት ኤሊ። «ወንዙስ እንዴት ነበር?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ፀጉርህ ግን ደረቅ ነው። ጢምህ ላይ ያለው የባቄላ ገለባ ደግሞ በየት በኩል ዋኝቶ መጣ?»

ጓንጉል ጢሙን ዳሰሰ፤ ገለባው አለ። ከድንጋይ ኋላ ተቀምጦ የሚዳቋን እሸት ሲፈለፍል ነው ያረፈደው። ኤሊ አልተቆጣችም፤ «እኔን ማታለል ቀላል ነው፣ እኔ ዘገምተኛ ነኝ። ነብር ግን ፈጣን ነው» ብላው መንገዷን ቀጠለች። ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

በአሥረኛው ቀን ጎን ለጎን ሄዱ። በሃያኛው ቀን ጓንጉል ቀድሞ ቆሞ ጠበቃት። ጨረቃ አንዴ ሞላች። ሆዱ እንደ ወንዙ ጎደለ፤ ጭኑ ጠነከረ። ሁለተኛዋ ጨረቃ ስትደርስ ማንጠግቦሽ፣ «ከሳህ እኮ!» አለችው፤ ከዘመድ ሁሉ «ወፈርክ» ይልቅ ይቺ ጣመችው።

የጉዞው ቀን ደረሰ። መንጋው ማልዶ ተነሣ፤ ወንዙን ተሻገረ፣ ሜዳውን አቋረጠ። ጓንጉል የመጨረሻው ነበር፤ ከፊቱ ማንጠግቦሽ ብቻ። ማዶው ገደል ሥር ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራት። ሌሎቹ ወጡ። ጓንጉል እጁን ድንጋዩ ላይ ጣለ፣ ግራ እግሩን አስከተለ፣ ከዚያ ቀኙን። እየወጣ እየወጣ ገደሉ ወገብ ላይ ሲደርስ ቀኝ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቆመ። ያቺን ቀጭ የምትለዋን ድምፅ እየጠበቀ ቆመ።

ነብር ቀኑን ሙሉ ሲከተላቸው ኖሮ ከች አለ። ወደ ላይ አንጋጦ፣ ድምፁን ማር አስመስሎ፣ «ጓንጉል ወንድሜ፣ ደከመህ እኮ። ወረድ በልና ትንሽ አረፍ በል፣ በሞቴ!» አለው።

መንጋው ከላይ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። በሞቴ ተብሎ እምቢ ያለ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ጓንጉል ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ እምቢ ብሎ አያውቅም። ማንጠግቦሽ ዞራ አየችው።

ጓንጉል ቁልቁል ተመለከተና፣ «እንግዲያው ሙት!» አለው።

ይህን ብሎ ቀኝ እግሩን አነሣ፣ ረገጠ፣ ራሱን ወደ ላይ ገፋ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጭ ግን አላለም። ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ። ነብር ከድንጋይ ድንጋይ ዘሎ ተወረወረና የጭራውን ጫፍ ነካው፤ ጥፍሩ ላይ የቀረው ሦስት ክር ፀጉር ብቻ ነው። ጓንጉል አፋፉ ላይ ሲደርስ ማንጠግቦሽ እጁን ይዛ ጎተተችው፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ነብርም በዚያች ሦስት ክር ፀጉር ጦሙን አደረ።

ተረቴን እዚህ ላይ አቆምኩ፤ እግራችሁ የደነዘዘ ካለ ተነሡና አፍታቱት። አያቶቻችንም ሲመክሩ እንዲህ አሉ፦ ጉርሻ ሆድ ያሰፋል፣ እርምጃ ጉልበት ያጸናል።