ዓይናማው ዳቦ በምን ይበላል?

አንድ ቁርስ ቤት የነበረው ሰው ነበር። ደምመላሽ ይባላል። የሚኖረው የጭነት መኪኖች ጎራ ብለው በሚያልፉባት አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ነው። በየማለዳው ከሚስቱ ከውድነሽ ጋር ከሰል ያያይዛል፤ ቀጠን ብሎ የተቦካ ሊጥ በጋለ ብረት ላይ ትንንሽ ክብ እያደረገ ያፈሳል፤ ሊጡ ፊቱ ላይ ዓይን ዓይን ሲያወጣ ያነሳውና ዳር ዳሩ ኮሽ እስኪል ድረስ እንደገና ከሰሉ ላይ ይጠብሰዋል። የከተማው ሰው ይህን ዳቦ «ዓይናማው» ይለው ነበር። ትኩሱ ላይ ቅቤ ሲቀባ ቅቤው በየዓይኑ ሰርጎ ይገባል፤ ሲገመጥ ደግሞ ከውስጥ ይወጣል።

ደምመላሽ የሚኮራው ግን በእጁ ሳይሆን በምላሱ ነበር። ቅቤ አንዴ ቀምሶ ከቆላ ይምጣ ከደጋ ይናገራል። በርበሬው በደንብ መድረቅ አለመድረቁን፣ ኮረሪማው መብዛት ማነሱን ለይቶ ያውቃል። በእሱ ፍርድ ዓይናማው የሚበላው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በበርበሬ በተለወሰ የተነጠረ ቅቤ። በጾም ቅቤው በኑግ ዘይት ይተካል እንጂ በርበሬው አይቀርም። ማር የጠየቀውን ሰው ማር የዳቦውን ጣዕም ይሸፍናል ብሎ ይመልሰዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር በርበሬው ይቅርልኝ ብላ ብትለምነው፣ እንደዚያ የሚፈልግ ሰው ቤቱ ይብላ ብሏታል። ከዲር የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ ከቦርሳው አይብ አውጥቶ ዳቦው ላይ ሲያደርግ ደረሰበትና ሳህኑን ከፊቱ አነሳበት። ከዲር እየሳቀ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ግን መኪናውን እዚያ በር ላይ አላቆመም።

ያም ሆኖ ዳቦው ጥሩ ስለነበር ሰው ይመጣል። ደምመላሽ የሚመጡትን እንጂ የቀሩትን አያስብም ነበር።

አንድ ክረምት ክፉ ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ጣለው። ሲሻለው ጉልበቱ ተመለሰ፤ ምላሱ ግን አብሮ አልተመለሰም። ሥራ በጀመረበት ማለዳ ቅቤውን ቢቀምስ ለብ ያለ ውሃ ሆነበት። በርበሬው ያቃጥላል እንጂ ጣዕም የለውም። ኮረሪማውን ፈልፍሎ አፍንጫው ሥር አስጠጋው፤ ምንም አልሸተተውም። ቢያልፍ ብሎ ጠበቀ፤ አላለፈም። ገበያ እሄዳለሁ ብሎ ለሚስቱ ዋሽቶ ጎረቤት ከተማ ያለ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙም እንዲህ ያለ ነገር ከሕመም በኋላ እንደሚያጋጥም፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል፣ ከመጠበቅ በቀር የሚሰጠው መድኃኒት እንደሌለ ነግሮ አሰናበተው።

ደምመላሽ ነገሩን ለማንም አልተናገረም። በግምት መሥራት ጀመረ። እጁ ጨውን አበዛ፤ በርበሬውን ደራረበ። ሰዎች ዳቦውን ገመጥ አድርገው ውሃ ይጠይቃሉ፤ ግማሹን ትተው ይወጣሉ፤ በማግስቱ አይመጡም። ምክንያቱን ግን ማንም አይነግረውም። ደምመላሽን በጣዕም ተሳሳትክ ብሎ የሚያርም ሰው በከተማው አልነበረም፤ እሱ ራሱ እንዳይኖር አድርጎ ኖሯልና።

አንድ ማለዳ ውድነሽ የቅቤውን ዕቃ ስትከፍት ሽታው ገፋት። ቅቤው ተበላሽቷል። ደምመላሽ ደግሞ ከዚያው ቅቤ ቀብቶ ለደንበኞች አቅርቦ ነበር። ውድነሽ በሰው ፊት የቅቤውን ነገር አላነሳችም። ዳቦው አሮብናል፣ ይቅርታ አድርጉልን ብላ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ከዚያ ባሏን ወደ ጓዳ ጠርታ ዕቃውን አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ደምመላሽ አሸተተ፤ ፊቱ አልተለወጠም። ውድነሽ ያኔ ገባት።

የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ቁርስ ቤቱን እዘጋለሁ አለ። ማየት የተሳነው ሰው መኪና እንደማይነዳ ሁሉ፣ እሱም ያልቀመሰውን ለሰው ማቅረብ እንደማይችል ተናገረ። ውድነሽ አልተከራከረችውም። እስኪመለስልህ እኔ እቀምስልሃለሁ አለችው።

በማግስቱ አዲስ ቅቤ ገዝቶ መጣ። አነጠረው፤ በርበሬውን ለወሰበት፤ ትኩስ ዳቦ ቀብቶ ሰጣት። ቀስ ብላ አላመጠች።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ጥሩ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አይሆንልኝም። ከድሮው ይሻላል ወይስ ያንሳል?»

ውድነሽ ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። «እሱን እኔን አትጠይቀኝ፣ ደሜ። እኔ በበርበሬ ወድጄው አላውቅም» አለች።

የምትቀልድ መሰለው። ከተጋቡ ጀምሮ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አብረው ሲበሉ ኖረዋል። እሷ ግን ሳትቆጣ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው በለሆሳስ ነገረችው። በርበሬው ደረቷን ያቃጥላታል። እሱ ፊቱን ሲያዞር ቅቤ ያልነካውን ዳር ዳሩን ትቆርሳለች፤ እሱ ወደ ደንበኞቹ ሲወጣ ደግሞ ተርፎ የቀረውን ባዶ ዳቦ ትበላለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ። ደግሞ ስታጎርሰኝ ደስ ይልህ ነበር።»

ይህ ቃል ከሕመሙ ይልቅ አመመው። ደምመላሽ ራሱን ጥሩ ባል አድርጎ ነበር የሚያየው። ቅቤው በደንብ የሰረገበትን፣ በርበሬው ደመቅ ያለበትን መሃሉን ሁልጊዜ ቆርሶ የሚያጎርሰው እሷን ነበር። አሁን እያንዳንዱ ጉርሻ በሐሳቡ ተመልሶ መጣበት። የሰጣት ሁሉ እሱ የሚወደውን ነበር። እሷ የምትወደው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

«አንቺ በምን ትወጃለሽ፣ ውዴ?» አላት።

ውድነሽ መሬት መሬት አየች። ያፈረች ትመስል ነበር። በኋላ፣ በተልባ አለች። እናቷ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማር ለውሳ ትኩስ ቂጣ ላይ ትቀባላት እንደነበር ነገረችው። ደምመላሽ ተነሥቶ ገበያ ወጣ። ተልባውን ገዝቶ ቆላው። ሽታው ስለማይሰማው መቼ እንደሚያወጣው እሷ ነገረችው። ራሱ ወቀጠው፤ በማር ለወሰው፤ ዓይናማው ላይ ቀብቶ ሰጣት።

ውድነሽ ገመጠች። ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ አዘለ። እያላመጠች ስለ እናቷ ቤት አወራችው፤ ስለ ጓሯቸው፣ ከታላቅ እህቷ ጋር የተልባውን ዕቃ ለመላስ እንዴት ይሻሙ እንደነበር። ደምመላሽ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ለራሱ የያዘው ዳቦ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። ምንም ሳይቀምስ፣ ዳቦው ጥሩ እንደነበረ ያለጥርጥር አወቀ።

በማግስቱ ወደ ደንበኞቹ ወጣና የመጀመሪያውን ሰው፣ ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪን፣ «በምን ይሁንልዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። ሰውየው ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። ካለ በማርማላታ አሉት። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር ማርማላታ እየተካፈሉ ይበሉ እንደነበረ፣ ከዚያ ሁሉ ጓደኛ አሁን በሕይወት የቀሩት ጥቂት እንደሆኑ አጫወቱት። ጥርሳቸው ያለቀ አንዲት እናት በሞቀ ወተት ነክሮ እንዲሰጣቸው ጠየቁት። አንድ ጎልማሳ የቀን ሠራተኛ ግን በምን እንደሚወድ ሲጠየቅ መልስ አጣ። ዕድሜውን ሙሉ የተገኘውን ነበር የሚበላው። ደምመላሽ ዳቦውን ትንንሽ አድርጎ ቆርሶ አንዱን በማር፣ አንዱን በአይብ፣ አንዱን በተወቀጠ ሰሊጥ አቀረበለት። ሰውየው እየደጋገመ ቀመሰና በመጨረሻ ወደ ሰሊጡ ጠቆመ። በማግስቱ በሩ ላይ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የእኔን ስጠኝ» አለ። የእኔ የሚለው ነገር ማግኘቱ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ሁሉም ግን ደስ አላለውም። ባለ ወፍጮው አቶ ባንትይርጉ የድሮው ቅቤና በርበሬ ወዳጅ ነበሩ። ያንን ሁሉ ማርና አይብ፣ ማርማላታና ሰሊጥ ጠረጴዛው ላይ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ቤትህን የሸቀጥ ሱቅ አደረግኸው» አሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የራሱ ጣዕም የሌለው ሰው እንዲህ የሁሉን አፍ ሲከተል ይኖራል።»

ደምመላሽ ክው አለ። ሰውየው ሊሰድቡት ብለው የተናገሩት እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ጓዳ ገብቶ መደበቅ ይችል ነበር። ምላሱ መጥፋቱ ከተሰማ ማን እሱ ዘንድ ይበላል ብሎ ሲፈራ ነው የከረመው። ውድነሽ ከሰሉ አጠገብ ቆማ ታየዋለች። የያዘውን ሳህን አስቀመጠና፣ ከሕመሙ ወዲህ ጣዕምም ሽታም እንደማይለይ፣ ያን ሰሞን ጨውና በርበሬ ያበዛባቸው፣ የተበላሸ ቅቤም ያቀረበላቸው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ለሁሉም ተናገረ። ይቅርታ ጠየቃቸው።

ከዚያ ወደ አቶ ባንትይርጉ ዞረ። «ለእርስዎ እንደ ድሮው አለልዎት። ምላሴ ስለማይነግረኝ ግን እርስዎ ይንገሩኝ። በርበሬው ይብዛ ወይስ ይነስ?»

አቶ ባንትይርጉ ጢማቸውን እየነካኩ ቆዩ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ።

«እውነቱን ከፈለግህ፣ ትንሽ ይነስ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ድሮም ይበዛብኝ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ባንትይርጉም ሳቁ። ደምመላሽ ከታመመ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው ይነግረው ጀመር። ዛሬ ጨው በዝቷል፤ ሊጡ አልበሰለም፤ ማሩ ጢስ ጢስ ይላል። አንዳንዱ ከቤቱ ያለውን ይዞ መጥቶ ይህንንም ሞክርበት ይለዋል። ዳቦው ደምመላሽ በራሱ ምላስ ብቻ ይሠራው ከነበረው የተሻለ ሆነ። ከጎረቤት ከተማም ሰው ይመጣ ጀመር። ያችን በርበሬ ይቅርልኝ ያለችውን ሴት ፈልጎ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም ልጇን ታቅፋ መጣች። ለከዲርም በሌላ ሾፌር በኩል ይቅርታ ላከበት። ከዲር ግን አልመጣም። አስከፍቶ የሰደደው ሰው ሁሉ እንደማይመለስም ደምመላሽ በዚሁ ተማረ።

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ፣ አንድ ማለዳ ደምመላሽ ከሰሉ ላይ ጎንበስ እንዳለ የጢስ ሽታ ሽው አለበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጨው ለየ። ከዚያ ጣፋጭ መጣ። ኮረሪማው እስከ መጨረሻው አልተመለሰም፤ ሌላው ግን ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ደምመላሽ ሥራውን እንደ ወትሮው ቀጠለ፤ ሰውን መጠየቁንም አልተወም። ስለ ምላሱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከሚስቱ ዓይን ግን አላመለጠም። አንድ ቀን ጨው የበዛበት ዳቦ ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ አየችው።

«ተመልሶልሃል አይደል?» አለችው።

ደምመላሽ ወደ ደንበኞቹ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሰው አትንገሪ፣ ውዴ። ተመልሶለታል ብለው ደግሞ ዝም ብለው እንዳይበሉልኝ እፈራለሁ።»

ውድነሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ከሰሉ ዞረች፤ ምስጢሩንም ጠበቀችለት።

ወዳጄ ሆይ፣ አብዛኞቻችን ክፉ ሰዎች አይደለንም። ለምንወዳቸው ሰዎች ከእጃችን የተሻለውን ቆርሰን እንሰጣለን። ችግሩ የተሻለውን የምንመርጠው በራሳችን ምላስ ነው። ከዚያም ሰጥተን ስናበቃ የሚቀበለን ሰው ዝም ሲል ደስ ብሎት ነው እንላለን። ብዙ ሰው ግን ዝም የሚለው ደስ ብሎት ሳይሆን እኛን ላለማስከፋት ነው። ደምመላሽ ይህን ለማወቅ ምላሱን ማጣት ነበረበት። እኛ ግን ምንም ሳናጣ መጠየቅ እንችላለን፤ ለመጠየቅ ደግሞ ገና አልመሸም።

ነገ ጠዋት አብሮህ ለቁርስ የሚቀመጠው ሰው ዳቦውን በምን እንደሚወድ ታውቃለህ? ወይስ እሱም ደስታህን ላለማጥፋት ብሎ ዝም ብሎ እየጎረሰልህ ይሆን?