ባይለየኝ ለወፎቹ የሠራው ቤት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም በር ላይ ከምትቆሙ ግቡና ተቀመጡ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ዱሮ ነው። እንኳን እኔ፣ የእኔ አያት አያትም ገና ሳይታሰቡ፣ ወፍና ሰው በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ስሟ በተረሳ አንዲት አገር።

በዚያች አገር ባይለየኝ የሚባል ሰው ነበር። እጁ ብልኅ ነው፤ እንጨት ሲጠርብ፣ ሸምበቆ ሲሰነጥቅ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። ምላሱ ደግሞ ከእጁ ይብሳል። ግን አንድ ክፉ አመል ነበረው። ሰው ሲያመሰግነው ፍሪዳ የበላ ያህል ይጠግባል፤ ሳይመሰገን የዋለ ዕለት ሆዱ ባዶ ይሆናል።

ባይለየኝ በማሽላ ማሳው ዳር ዳር ከፈረስ ጭራ የተገመደ ሸምቀቆ ያጠምድ ነበር። ወፏ እህል ልትለቅም ስታርፍ እግሯ ይገባል፤ ስትፈራገጥ ይጠብቅባታል። እሱም ጠዋት ጠዋት እየዞረ የሚበላውን ይበላል፣ የማይበላውን ገደል ይሰደዋል። ነገሬም አይለውም።

አንድ የገበያ ቀን አዋጅ ነጋሪው ከቋጥኝ ላይ ወጥቶ ጮኸ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአገረ ገዢያችን እናት፣ እመቤት የውብዳር እንዲህ ይላሉ፦ እግሩ የተጎዳ ወፍ አንስቶ፣ ቤት ሠርቶ ያኖረ ሰው በአዝመራው ግብዣ በቀኜ ይቀመጣል፤ ካባም አለብሰዋለሁ!»

እመቤት የውብዳር ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። እግር ሲጎዳ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

ባይለየኝ አዋጁን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። በቀኝ መቀመጥ! ካባ! እየሮጠ ማሳው ደረሰ። ያን ዕለት ሸምቀቆው ሦስት ወፎች ይዟል። አንዷ ርግብ ናት፤ አንድ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆርጧል። አንዷ ቆቅ ናት፤ የሁለት እግሮቿ ጣቶች ወደ ውስጥ ተጨማደዋል። ሦስተኛዋ አውራ ጣት የምታህል ድንቢጥ ናት፤ ጭኗ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል።

በቁናው አድርጎ ለሚስቱ ለትርንጎ አመጣላት።

«ሰው ቢጠይቅሽ፣ መንገድ ላይ ወድቀው አገኛቸው በይ» አላት።

«የት መንገድ?» አለች ትርንጎ። «ጭራው እግራቸው ላይ አለ እኮ።»

«እሱን ፈትቼ እጥለዋለሁ። አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

ትርንጎ ዝም አለች። እሱ ግን ያን ጊዜ ጆሮው ትንሽ ጋለ። ፀሐይ ነው ብሎ ተወው።

በነጋታው ሥራ ጀመረ። ቤቱን የሠራው ጓሮ አይደለም፤ ገበያተኛው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። ግድግዳው የተሰነጠቀ ሸምበቆ፣ ጣሪያው እንደ ጃንጥላ የተወጠረ ሰሌን። ከወይራ የተጠረበ ቆጥ ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ እንዲያብረቀርቅ ቅቤ ቀባው። የውሃውን ቅል ደግሞ በቀይ አፈር አስጊጦ ከጣሪያው ሥር አንጠለጠለው። መሬቱ ከመስተዋት ይለሰልስ ዘንድ በድንጋይ ፈገፈገው። ወፎቹን አስገብቶ በሩን ዘጋ።

ገበያተኛው ቆሞ አየና አንድ ላይ አዜመ፦

«አይ ባይለየኝ! እጁ ሠሪ፣ ልቡ መሐሪ!»

እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ምን እናድርግ፤ ለነፍስ ነው እንጂ» ይላል። ያን ጊዜ ጆሮው ይግላል። በሳቅ ያዳፍነዋል።

ሰው ሲበተን ርግቧ ከመሬት ጠራችው።

«አያ ባይለየኝ፣ ቆጡ ያንሸራትተኛል። በአንድ እግሬ ቅቤ ላይ እንዴት ልቁም? ጨርቅ ጠምጥምበት፤ ዝቅም አድርግልኝ።»

«ዝቅ ካለ ከመንገድ አይታይም» አላት።

በሦስተኛው ቀን ቆቋ ጠራችው።

«አያ ባይለየኝ፣ እኔ የመሬት ወፍ ነኝ፤ ቆጥ አልጠይቅህም። ግን መሬቱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው። ጣቴ ስለማይዘረጋ በደረቴ ነው የምተኛው፤ ደረቴ ተላጠ። እፍኝ ገለባ በትንልኝ።»

«ገለባ ቤቱን ያቆሽሸዋል። ሰው ምን ይላል?»

በሳምንቱ ድንቢጧ ጠራችው። ድምፅዋ እንደ ትንኝ ነው።

«አያ ባይለየኝ፣ ውሃው ሩቅ ነው። በአንድ እግሬ ተስፈንጥሬ አንዳንዴ እደርሳለሁ፣ አንዳንዴ አልደርስም። ጣባ ውስጥ አድርገህ መሬት ላይ አስቀምጥልኝ።»

«ቅሉ ከላይ ሲንጠለጠል ነው የሚያምረው» አላት። «ትለምጂዋለሽ።»

በዚህ ጊዜ መንገደኛ አለፈ፦ «አይ ባይለየኝ! እጁ ሠሪ፣ ልቡ መሐሪ!»

«ምን እናድርግ፤ ለነፍስ ነው እንጂ።»

ጆሮው ጋለ። ድንቢጧን ላለማየት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ወር ሞላ። አንድ ጠዋት መልእክተኛ መጥቶ፣ «እመቤት የውብዳር ዝናህን ሰምተዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ለማየት ይመጣሉ» አለው።

ባይለየኝ ደስ ብሎት ወደ ወፎቹ ቤት ሮጠ። ሲገባ ደስታው ከበሩ ላይ ቀረ። ሦስቱም መሬት ላይ ተዘርግተዋል። ርግቧ ክንፏን እንደ ምርኩዝ ተደግፋለች። የቆቋ ደረት ደም አዝሏል። ድንቢጧ ዓይኗን ጨፍናለች።

እንግዲህ ምን ያደርግ ይመስላችኋል? ገለባ ያመጣል? ውሃ ያወርዳል? አላደረገውም። ጎተራው ሥር የተረፈ የፈረስ ጭራ ነበረው፤ እሱን አወጣ። ወፎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከወይራው ቆጥ ላይ አስቀመጠና፣ ቀጥ ብለው የቆሙ እንዲመስሉ ወገባቸውን ከቆጡ ጋር አሰራቸው። ጭራው ቀጭን ነው፤ ከሩቅ አይታይም።

ትርንጎ ማድጋ አዝላ ስታልፍ አየችው። ማድጋዋን አወረደች።

«ባይለየኝ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ለአንዲት ሰዓት ብቻ ነው።»

«እኔ ያን ቀን ዝም ባልልህ ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር» አለች። «ያንተ ግማሹ ዕፍረት የኔ ነው። ሌላውን ግማሽ ግን አልሸከምልህም።» ማድጋዋን አንስታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እመቤት የውብዳር ምርኩዝ እየተደገፉ መጡ፤ የአገሩ ሰው ከኋላቸው ጎረፈ። ወፎቹ በረድፍ፣ ቀጥ ብለው፣ በሚያብረቀርቅ ቆጥ ላይ! ሕዝቡ አዜመ፦

«አይ ባይለየኝ! እጁ ሠሪ፣ ልቡ መሐሪ!»

«ምን እናድርግ፤ ለነፍስ ነው እንጂ» አለ ባይለየኝ። ጆሮው እንደ ፍም ሆነ።

እመቤት የውብዳር በርጩማ አስመጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ርግቧንም፣ «እመት ርግብ፣ እግርሽን ምን አገኘው?» አሏት።

ባይለየኝ፣ አሁን ትናገራለች፤ አሁን ተዋረድሁ አለ በልቡ።

ርግቧ አየችው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ይቅርብኝ እመቤቴ፤ አልናገርም። ከመሬት ያነሳን ግን እሱ ነው፤ ባያነሳን ጉንዳን ይበላን ነበር።»

ሕዝቡ እልል አለ። ባይለየኝ ግን እልልታው እንደ ጅራፍ ተሰማው። ብትወነጅለው ይክዳት ነበር፤ ውሸታም ናት ይላት ነበር። ለዚህ ግን ምን መልስ አለው?

እልልታው ሳይበርድ ድንቢጧ ዘመመች። ዘመመችና ከቆጡ ላይ ተገለበጠች፤ ግን አልወደቀችም። በወገቧ ተንጠልጥላ፣ ራሷ ወደ ታች፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች።

ሰው ሁሉ ለማየት ተንጠራራ።

«ይህች ወፍ ለምን አልወደቀችም?» አሉ እመቤት የውብዳር። «ምን ያዛት?»

ባይለየኝ አፉን ከፈተ። «ለነፍስ ነው…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ጭራ ነው እመቤቴ» አለ። «እኔ ነኝ ያሰርኋቸው። መቆም አይችሉም፤ ዛሬ ብቻ ሳይሆን አንድም ቀን ችለው አያውቁም። ነግረውኛል፤ አልሰማሁም። እግራቸውንም የሰበረው ሸምቀቆ የኔ ነው። መንገድ ላይ አላገኘኋቸውም።»

ገብቶ ድንቢጧን ፈታት። በመዳፉ ውስጥ ክብደት የላትም።

«ውሃ» አለች።

ቅሉን ለማውረድ ተንጠራራ፤ ራሱ ከፍ አድርጎ አስሮታልና ቋጠሮው እንቢ አለው። በጥርሱ በጠሰው። በጣቱ ጠብታ አንስቶ ከምንቃሯ ላይ አደረገላት። አንዲት ጠብታ ዋጠች። ሁለተኛዋ ግን በምንቃሯ ዳር ፈሰሰች። ድንቢጧ ሞታ ነበር።

ባይለየኝ እንደ ያዛት ቆመ። ከሕዝቡ መካከል «ይገረፍ!» የሚል ድምፅ ተነሳ። እመቤት የውብዳር እጃቸውን አነሱ።

«ዳሌዬ የተሰበረ ጊዜ ልጄ አልጋ አሠራልኝ» አሉ። «ሰባት ደረጃ ያለው፣ የተቀረጸ፣ ጌጥ ያለው። የመጣ እንግዳ ሁሉ አልጋውን አይቶ ልጄን ያመሰግናል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ጀርባ መሬት ላይ ነው የተኛሁት። ማንም፣ ‘እማ፣ ደረጃውን ትወጪዋለሽ ወይ?’ ብሎ አልጠየቀኝም።» ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። «ካባው አይገባህም። ጅራፍም አላስመታህም፤ ከጅራፍ በኋላ ሰው የከፈለ ይመስለዋል። ይህን ቤት አፍርስ። ከዚያ ጠይቀህ ሥራ።»

ሄዱ። ሕዝቡም ሳያዜም ሄደ።

ባይለየኝ ርግቧንና ቆቋን ፈትቶ ከቆጡ አወረዳቸው፤ ድንቢጧንም ከማሳው ጥግ ቀበራት። ሸምቀቆውን ሁሉ ነቅሎ አቃጠለ። ከዚያ ከርግቧና ከቆቋ ፊት ቁጢጥ አለ። ዓይናቸውን ማየት አቃተው፤ መሬት መሬት እያየ፣ «ምን ላድርግላችሁ?» አለ።

«ይህን ለማለት ሁለት ወር ፈጀብህ» አለች ቆቋ። «አንዷ ሳትሰማው ሄደች።»

«አዎን» አለ።

ቆቋ የሚያስፈልጋትን ነገረችው፤ ርግቧም ጨመረችለት። እሱም እንዳሉት አደረገ። የመጀመሪያውን ቤት አፍርሶ፣ አዲሱን ከመንገድ ርቆ፣ ነፋስ በማይመታበት ጓሮ፣ ዝቅ አድርጎ ሠራው። መሬቱ ላይ ገለባ ጎዘጎዘ፤ በየማለዳው የቆሸሸውን አውጥቶ ደረቅ ይተካል። ለቆቋ ደረት የጥጥ ባዘቶ በጨርቅ ሰፍቶ መከዳ አበጀላት። ለርግቧ፣ ክብ ቆጥ አንድ እግር አይችለውምና፣ አሮጌ ሰፌድ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ አኖረላት፤ በደረቷ ጋደም ትልበታለች። ወደ ሰፌዱ የሚያወጣ ሳንቃ አጋደመ፤ እንዳያንሸራትት የገለባ ገመድ ጠመጠመበት። ውሃውንና ጥሬውን በጣባ አድርጎ ምንቃራቸው ከሚደርስበት አስቀመጠው። በሩንም ክፍት ተወው።

መንገደኛ በአጥር አሾልኮ እያየ፣ «ምነው፣ ያ የሚያምር ቤት የት ሄደ? ይህ የምን ጎጆ ነው?» ይለዋል። ባይለየኝ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ይቀጥላል።

የአዝመራው ግብዣም ደረሰ። በእመቤት የውብዳር ቀኝ ያለው መቀመጫ ባዶውን ዋለ። ባይለየኝ ከበሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት ተቀመጠ። አብሮት የሚቆርስ አልነበረም፤ በመጨረሻ ትርንጎ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። አብረውም ቆረሱ።

አንድ ቀን ገለባ ሲቀይር፣ ሲከነክነው የቆየውን ጠየቀ።

«እመት ርግብ፣ ያን ቀን ለምን አላጋለጥሽኝም? አዝነሽልኝ ነው?»

«አላዘንሁልህም» አለች ርግቧ፣ ሰፌዷ ላይ ጋደም ብላ። «እኔ ብናገር ኖሮ አንተ በኔ ትናደድ ነበር። የተናደደ ሰው አያፍርም።»

ባይለየኝ ከዚያ ጣባውን አነሳ፤ ውሃው ሞቆ ነበርና ቀዝቃዛ ሊቀዳ ወደ ምንጩ ወረደ።

ተረቴ እዚህ ያርፋል፤ ምክሩን ግን ይዛችሁ ሂዱ። የዚያች አገር ሽማግሌዎች ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይሉ ነበር፦

ለመንገደኛ ዓይን የሠሩት ቤት፣ ለሚኖርበት እስራት።