ኤሊ የመረጠችው ማንጎ

ተረት ተረት! «የላም በረት» በዪና ስሚኝ እህቴ ሸጊቱ፣ ይሄ ጦጣ አናዶኛል!

ኤሊና ጦጣ አንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ግቢው የሚበቃው ለአንድ ማንጎ ብቻ ነው። ጦጣው ከፍሬ የበቀለውን፣ ረጅሙን ካልተከልን ብሎ ድርቅ! ኤሊ ደግሞ አጭሩን፣ የሌላ ማንጎ ቅርንጫፍ ተቀጥሎበት የተዳቀለውን አለች።

«ይሄን? ወገቡን በላስቲክ የታሰረ በሽተኛ! እኔ ወጥቼ እጥልልሽ የለ?» ብሎ ጮኸባት።

«ትጥልልኛለህ ወንድምዬ፣ ክፉ አይንካህ። ግን ዕድሜ ልኬን የፈረጠ ነው የበላሁት። አንድ ቀን እንኳን ከዛፉ ላይ በራሴ አፍ ልቅጠፍ።»

ጦጣው ተነጫነጨ፣ መሬቱን በጅራቱ ገረፈው፣ ከዛ አጭሩን ችግኝ አንስቶ መቆፈር ጀመረ። «ምን ታይኛለሽ? ውሃ አምጪ!»

በሦስተኛው ዓመት ፍሬው መሬት ሊነካ ደረሰ። ኤሊ አንገቷን ዘርግታ የመጀመሪያውን ቀጠፈች። ምንም አልፈረጠም። ሳትቀምሰው ወስዳ ጦጣው እግር ስር አስቀመጠችው።

«አንቺ! ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅሽውን ለኔ?» ብሎ ጮኸባት። «ቁጭ በዪ!»

ልጦ አጎረሳት።

ተረቴን መልሺ፣ አፌን በማንጎ አብሺ።