የሙሽራዋ አባት ካባ ለብሰው የተቀመጡበት ሠርግ

አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ሥራዋ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳትን ማጥናት ነው። አሁን የመጣችው ግን ለአባቷ ነው። ጋሽ ዘርጋው ታመዋል፤ ሰኞ አዲስ አበባ ሕክምና መጀመር አለባቸው፤ እርሳቸው ደግሞ አልሄድም ብለዋል።

ለምን? በሽታቸው ስላልተነገራቸው ነው። እኅታቸው እትዬ በላይነሽ ቤተሰቡን ሰብስበው፣ «ካንሰር የምትል ቃል በዚህ ቤት እንዳትሰማ! ጨጓራ ነው በሉት» ብለው አዝዘዋል። እኛስ ስንቱን የምንወደውን ሰው እንዲህ በዝምታ አጥረነዋል?

ጋሽ ዘርጋው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ለጨጓራ አራት መቶ ኪሎ ሜትር?» አሉ። «ተልባ በጥብጪልኝና ቁጭ በዪ።»

በጠበጠችላቸው። አጠገባቸውም ተቀመጠች።

ወገኖቼ፣ የድሮው ሠርግ ትዝ ይላችኋል? የተጣፈው ድንኳን፣ ከየቤቱ የተለቀመው አግዳሚ ወንበር፣ ከሥሩ የባለቤቱ ስም በቀለም የተጻፈበት ሳህን? በሩ ላይ አጋፋሪው አጭር ዘንግ ይዞ ይቆም ነበር። አይጮኽም። የበላውን ያስነሣል፣ ያልበላውን ያስገባል። እርሱ ካለ ምግቡ ለመጨረሻው ሰው ይደርሳል። ጋሽ ዘርጋው የሰፈሩ አጋፋሪ ነበሩ።

«አባባ፣ የእኔ ሠርግ ትዝ ይልዎታል?» አለች።

«እንዴት ይረሳል! የሙሽራ አባት በር ላይ አይቆምም ብላ በላይነሽ ካባ አልብሳ አስቀመጠችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጀመሪያ የገቡት አንነሣም አሉ። ወጥ በላይ በላዩ ተጨመረላቸው፤ ግማሹን በሉ፣ ግማሹን ደፉ። ድንኳኑን የተከሉት፣ ውሃ የቀዱት፣ ባዶ ሆዳቸውን ይዘው ተመለሱ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።»

ልጅቱ ወደ እርሳቸው ዞረች።

«አባባ፣ በሕዋሳችን ውስጥም ትንንሽ አጋፋሪዎች አሉ። ማይክሮ አር ኤን ኤ እንላቸዋለን። ሃያ ሁለት ያህል ፊደል ብቻ ያላቸው አጫጭር ጽሑፎች ናቸው። አንዳንዶቹ ስኳር ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን በር ይጠብቃሉ፤ ‹ክፈት፣ ጨምር› የሚለው ትእዛዝ ሲበዛ ያስቆሙታል። በአንዳንድ የታመሙ ሕዋሳት ውስጥ እነዚህ ይመናመናሉ፤ በሩም ወለል ብሎ ይከፈታል። የታመመው ሕዋስ ስኳሩን ይሻማል። አብዛኛውን ሳይጨርስ ይተወውና ከእርሱ የሚወጣውን አሲድ በጎረቤቶቹ ላይ ይደፋል።»

ጋሽ ዘርጋው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ይህ የጨጓራ ወሬ አይደለም።»

«አይደለም፣ አባባ። ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ሰኞ ከጀመርን ተስፋ አለው ብለዋል።»

እትዬ በላይነሽ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ «አንቺ ልጅ! ገደልሽው!» እያሉ ወጡ።

ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን አነሡ፤ ያኔ በድንኳኑ በር ላይ ያነሡ እንደነበረው።

«በላይነሽ፣ በሠርጉ ቀን እኔን አስቀመጥሽኝ። ዛሬ ደግሞ ልጄን ልታስቀምጫት ነው? በቃ።» ወደ ልጃቸውም ዞሩ። «አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

ድነዋል ብዬ አልነግራችሁም። ሄደዋል። ወዴት እንደሚሄዱና ለምን እንደሚሄዱ እያወቁ ሄደዋል።

ወገኖቼ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ የሚቆጣበት ዘመን ነበር። እጃችሁ ወደ ሁለተኛው ጉርሻ ሲዘረጋ፣ «ለወንድምህ አስቀር» የሚል ሰው ከጎናችሁ ነበር። የት ሄደ? አባረርነው? አላባረርነውም። ካባ አልብሰን አስቀመጥነው። አከበርነውና ዝም አሰኘነው።

ከዚያ ወዲህ ጠግበን እናውቃለን? ስንት ነገር ጀምረን በግማሹ ደፋን? የደፋነውስ በማን ላይ ፈሰሰ?

በዐይን በማትታይ ሕዋስ በር ላይ ጠባቂ ያቆመ አምላክ፣ እናንተን ያለ ጠባቂ የተዋችሁ ይመስላችኋል? በቤታችሁ አንድ ሰው አለ። ሊነግራችሁ ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ ፊታችሁን አይቶ የዘጋ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ እርሱ ሂዱ። «ምን ልትለኝ ነበር?» በሉት። ሲናገርም እስኪጨርስ ድረስ ዝም በሉ።