በርታ ባዮችና የማንያዘዋል ጉድጓድ

ተረት ተረት!

— ንገሪን ከመሠረት!

ኧረ ጮክ በሉ! በባዶ ሆዳችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት? ተረት ተረት!

— ንገሪን ከመሠረት!

እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ በሩን መለስ አድርገው፤ ብርዱ ጉልበቴን ጨረሰው።

በድሮ ዘመን፣ ከገደል አፋፍ ላይ አንዲት መንደር ነበረች። ሰዎቿ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ኧረ በጣም ጥሩ! ሰው ሲሠራ ካዩ ዝም ብለው አያልፉም። ቆም ይሉና «በርታ!» ይላሉ። በርታ የተባለውም ሰው እንደ አገሩ ወግ ሥራውን ያስቀምጣል። ቀና ይልና እጅ ነስቶ «እግዜር ያበርታልኝ» ይላል። ከዚያም በርታ ላለው ሰው የሚጠጣ ያቀርብለታል። በርታ ብሎ ጉሮሮው ደርቆ የተመለሰ ሰው ካለ ጉድ ፈላ! የዚያን ቤት ልጅ የሚያገባ አይገኝም። እንዲህ ያለ ወግ ነበራቸው።

ከዚያም አንድ ዓመት ዝናቡ ጠፋና የመንደሯ ምንጭ ደረቀ። ሴቶቹም ገደሉን ወርደው ከወንዙ ይቀዱ ጀመር። ጎህ ሲቀድ ይወርዳሉ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ እንስራ አዝለው ይመለሳሉ።

በመንደሯ ማንያዘዋል የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ የውብዳር እርጉዝ ነበረችና ሆዷ ገፍቶ ነበር። አንድ ቀን ገደሉን ስትወጣ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። እንስራው ተሰበረ፣ እሷ ግን ለጥቂት ተረፈች። ማንያዘዋል ይህን ሲሰማ ሮጦ ደረሰላት። እንዲህም አላት፦

«በቃ! ሳትወልጂ ከጓሮዬ ውሃ አወጣለሁ። ሁለተኛ ያንን ገደል አትወርጂም።»

ዶማውን አነሳና ይቆፍር ጀመር። ገና ጉልበቱ ድረስ እንኳ ሳይገባ የመንደሩ ሹም ደረሰ። ጭቃ ሹም ወንድይራድ ይባላል። ድምፁ ትልቅ፣ ጥማቱም ትልቅ ነው።

«ማንያዘዋል፣ በርታ!» አለ።

ማንያዘዋል ዶማውን አስቀመጠ። ወጣ፣ እጅ ነሳ፣ ውሃ አጠጣ። ተመልሶ ሊገባ ሲል ሌላው ደረሰ። «በርታ!» ወጣ፣ እጅ ነሳ፣ አጠጣ። ከዚያም ሌላው። ጥሩ ሰዎች ናቸው ብያችሁ የለ! ከእርሻ ሲመለሱ በርታ፣ ከገበያ ሲመለሱ በርታ። መንገዳቸው በዚያ ያልሆነውም ጠምዘዝ ብለው ይመጣሉ። ደግሞ ውሃ የሚገኘው እሱ ጋ ነዋ!

የሚጠጡት ውሃ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? የውብዳር ተሸክማ ያመጣችው ነው። ጉድጓዱ የተጀመረው እሷ ገደሉን እንዳትወርድ ነበር። ከተጀመረ ወዲህ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ትወርድ ጀመር። አትሳቁ! የሷን ወገብ ያየ አይስቅም!

አዛለች የምትባል ጎረቤት ነበረቻቸው። ፍየላቸው ዱባዋን በልታባት ስለነበር ከማንያዘዋል ጋር ተቀያይማለች። ምላሷ ሚጥሚጣ ነው። አንድ ቀን መጣችና ጉድጓዱን አየት አድርጋ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ይህ ምንድን ነው? መቃብርህ ነው? ለመቃብርም ጠቧል! ፍየልህ እንኳ ዱባዬን ስትምስ ከዚህ የጠለቀ ቆፍራለች!» አለችው።

ማንያዘዋል ደሙ ፈላ። ወጉ ግን ስለሚሳደብ ሰው ምንም አይልም። መነሳት የለ፣ እጅ መንሳት የለ፣ ማጠጣት የለ። ስለዚህ ጥርሱን ነከሰና ቆፈረ። እሷ ትሰድበዋለች፣ እሱ ይቆፍራል። ሲመሽ ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ጉብታ አክሎ ነበር።

የውብዳር ጉብታውን አየችና ነገሩ ገባት። በማግስቱ ወደ አዛለች ሄደች፦

«እትዬ አዛለች፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ዛሬም መጥተው ባሌን ይስደቡልኝ።»

አዛለች ደረቷን መታች፦

«ወይ ጉድ! እኔን ማን አድርገሽኝ ነው? ተለምኜ ተሳድቤ አላውቅም! ነውር አይደለም እንዴ?» አለችና ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያም፦ «አሁን ይሻላል ወይስ ከምሳ በኋላ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጉድጓዱ አፍ አልጠፋችም። «ቆፈርኩ የምትለውን አፈር አምጣ ልየው፤ ዋሾ!» ትልና ቅርጫቱን በገመድ ጎትታ ታወጣዋለች። አይታ «ይህም አፈር ሆኖ!» ትልና ትደፋዋለች። እንዲህ እየተሳደበች ስንት ቅርጫት እንዳወጣች እሷም አታውቀው።

ጉድጓዱ ጠለቀ። ከዚያም አለት ገጠመው። ማንያዘዋል በድጅኖ ቢመታው እሳት ይተፋል እንጂ አይሰበርም። ክንዱ ዛለ። ተስፋ ሊቆርጥ ነው ሲባል ጥሩ ሰዎቹ ሰሙ። ጭቃ ሹሙ አገሩን አስከትሎ፣ ከበሮ አስመትቶ መጣ። ማንያዘዋልም ከዚያ ጥልቅ ጉድጓድ መርገጫ መርገጫውን እየያዘ ወጣና እጅ ነሳ። ጭቃ ሹሙ ስለ ብርታት ረጅም ንግግር አደረገ። ሕዝቡ «በርታ! በርታ!» አለ። ከዚያም የውብዳርን እንስራ እስከ አተላው ጨለጡና ልባቸው ደስ ብሎት ወደየቤታቸው ሄዱ።

ያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የውብዳርን ምጥ ያዛት። ሴቶቹ ከበቧት። «ውሃ፣ ውሃ» ትላለች። እንስራውን ገለበጡት፤ ጠብታ የለም፤ በየጎረቤቱም የማለዳው ውሃ አልቋል። በዚያ ሰዓት ገደሉን የሚወርድ ሰው ደግሞ ደርሶ አይመለስም፤ ነብር አለ።

ማንያዘዋል ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ድምፅዋን ሰማ። ድጅኖውን ጣለው። አለቱ ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ተውኩት። አልቻልኩም» አለ።

አዛለች ከቤት ሮጣ መጥታ ከጉድጓዱ አፍ ቆመች። ማንያዘዋል አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ጠበቀ። እሷ ግን ወደ ታች ጎንበስ አለች። ከዚያም፦

«በርታ» አለችው።

ማንያዘዋል ደነገጠ። አዛለች በርታ ካለችኝማ አልቆልኛል ማለት ነው አለ በሆዱ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«በርታ አልኩ። ደንቆሮም ሆነሃል? በል ውሃዬን አምጣ።»

«ከየት አምጥቼ? በቤቴ ጠብታ የለም! የውብዳር እንኳ...»

«እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። ጭቃ ሹሙ በርታ ብሎ ጠጥቶ ሄደ። እኔ ድሀ ስለሆንኩ ነው የምትነፍገኝ? ጉሮሮዬ ደርቆ ልሂድና ነገ አገር ይስማብህ?»

እዚያው አፋፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

ማንያዘዋል በኀፍረትም በንዴትም ነደደ። ድጅኖውን አነሳና አለቱን መታው። መታው። ከላይ «ኧረ እየጠበቅሁ ነው! ለመቼ ነው?» ትላለች። እሱም ይመታል። ከዚያም አለቱ ተሰነጠቀና እግሩን አንዳች ነገር አቀዘቀዘው። ውሃ!

የሚጠጣበትን ቅል ሞላና ወጣ። እንባው እየወረደ፣ እንደ ወጉ እጅ ነሳ፦ «እግዜር ያበርታልኝ» አለ። አዛለች በከንፈሯ ነካ አደረገችውና፦

«ጭቃ ነው» አለች። ቅሉን አቅፋ ወደ ቤት ሮጠች። በነጠላዋ አጥልላ የውብዳርን አጠጣቻት። ሳይጨልም የውብዳር ሴት ልጅ ተገላገለች።

ሰንበት ብሎ ውሃው ጠለለ። ጥሩ ሰዎቹም እንስራቸውን ይዘው ግር ብለው መጡ። «በርታ ብለን ብለን ውሃ አወጣን!» ይባባላሉ። ጭቃ ሹሙ ለክብሩ መጀመሪያ ልቅዳ አለ። እንስራውን በገመድ አወረደና ሞልቶ ይጎትት ጀመር። ማንያዘዋል ልጁን አቅፎ ጥላ ሥር ተቀምጧል። እንስራው ከጉድጓዱ አጋማሽ ሲደርስ፦

«ጭቃ ሹም፣ ይበርቱ!» አለ።

ጭቃ ሹሙ ወግ አዋቂ ነዋ! ገመዱን ለቀቀ፣ ቀና አለ፣ እጅ ነሳ። «እግዜር ያበር...» ሲል እንስራው ከታች ሄዶ ተፈረካከሰ።

ሁሉም አንገቱን አስግጎ ወደ ጉድጓዱ አየ። አዛለች ብቻ ጎኗን ይዛ ትስቃለች። «እንግዲህ ያጠጡታ! ወግ ነው!» ትላለች።

ጭቃ ሹሙ እዚያው ላይ አዋጅ አስነገረ። ከዛሬ ጀምሮ በርታ የሚል ሰው፣ በርታ ከማለቱ በፊት ገመዱን ይያዝ ተባለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በዚያች መንደር ውሃ ሞልቷል። በርታ የሚል ሰው ግን ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም አሉ።

እኔ ከጉድጓዴ ቀድቼ አጠጣኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ከሌማታችሁ ቆርሳችሁ አጉርሱኝ። «በርቺ አያቴ» ብሎ እጁን አራግፎ የሚሄድ ግን፣ ወዮለት!