ባለሦስት እግሯ ግመል

በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ሳይጠየቅ የሌላውን ነገር አስተካክላለሁ ብሎ ሲነሣ፣ ትልልቆቹ አንድ አባባል ጣል ያደርጉበታል። የዛሬ ልጆች ስለ ሐኪም የተነገረ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ከአንድ የላምባ ፋኖስ የመጣ ነው። የሆነውም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው።

ጋሽ ኪሮስ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ሰዓት የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ ፋኖስ መሰብሰብ ያዘ። ተራውን ፋኖስ እንዳይመስላችሁ፤ ድሮ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች በባቡር ያስመጡትን፣ ብርጭቆው ላይ አበባና ወፍ የተሳለበትን ነው። ከፈረሰ ቤት፣ ከዶሮ ቤት፣ ከቆራሌው ጆንያ እየለቀመ ያመጣል። ጥላሸቱን በሳሙና ውሃ ያስለቅቃል፣ የጠቆረውን ነሐስ በሎሚና በአመድ ይፈትጋል፣ የረገፈውን ቀለም ፀጉር በምታህል ብሩሽ ይሞላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ይልቅ ከፋኖሶቹ ጋር ነበር የሚውለው። እጁን የሚተካከል አልነበረም፤ ይህንንም ያውቀዋል።

አንድ ቀን ዘሃራ የምትባል ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርቻሪ፣ በሻርፕ የተጠቀለለ ፋኖስ ታቅፋ መጣች።

«ጋሼ፣ ክሩን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ቁልፍ ተሰብራለች። እሷን ብቻ ሥራልኝ» አለችው።

«ይህን የመሰለ ዕቃ ከየት አገኘሽው?»

«የእናቴ ነው። ብርጭቆውን ግን እንዳትነካው፣ አደራ!»

ገበያ ረፍዶባት ስለነበር ሌላ ሳትጨምር ሄደች።

ጋሽ ኪሮስ ፋኖሱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ብርጭቆው ዙሪያውን ቀይ ጽጌረዳ ተስሎበታል። በአንድ ጎኑ ግን የጥንቱ ቀለም ረግፎ፣ በቦታው አንድ ቢጫ እንስሳ ተለቅልቋል። አንገቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፣ ሻኛው ወደ ጎን ተጋድሟል፣ እግሩ ሦስት ነው።

ከሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋው ሐጂ ኢድሪስ የስፌት መኪናውን አቁሞ አንጋጠጠ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ግመል መሰለኝ። የማያውቅ እጅ ነው ያበላሸው።»

ቁልፏን በዚያው ቀን ሠርቶ ጨረሰ። ሊመልስላት ይችል ነበር። ዐይኑ ግን ከዚያች ግመል ላይ አልነሣ አለው። በማግስቱ ጥጥ በቤንዚን ሲነክር ሐጂ ኢድሪስ አየው።

«አትንካው አላለችህም እንዴ?»

«እንዳልሰብረው ፈርታ ነው። ድሮ የነበረውን መልኩን ስታይ በደስታ ታለቅሳለች።»

«ጠይቃት እንጂ ኪሮስ። ገበያው እዚህ ነው።»

«ከጠየቅኳትማ ምኑን አስደሰትኳት?»

ጽጌረዳዎቹ በእሳት በተጠበሰ ቀለም የተሳሉ ስለነበሩ ቤንዚኑ አልነካቸውም። ግመሏ ግን አራት ጊዜ ሲያሻት ለቀቀች። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጎንብሶ፣ በባዶው ቦታ ላይ ቅጠል በቅጠል አዲስ ጽጌረዳ ሳለ። ከጥንቶቹ መለየት አይቻልም ነበር። በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሆነ።

ሥራው ባለቀ ማግስት፣ ዘሃራ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጋሽ ኪሮስ ላምባ ሞልቶ፣ ክሩን ለኩሶ ጠበቃት። ቀዩ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ፈገግ አለች። ፋኖሱን አዞረችው። ደግማ አዞረችው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ግመሏስ?»

«የቷ ግመል?»

«የሙኒራ ግመል። የልጄ።»

ዘሃራ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረችው። ሙኒራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጎርፉ የመጣ ቀን ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ከሐረማያ በኩል ነው። ዘሃራ ገበያ ሳለች ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ሙኒራን ወሰደ፣ ደብተሯን ወሰደ፣ ልብሷን፣ ያለቻትን አንዲት ፎቶግራፍ ወሰደ። ፋኖሱ ከፍ ብሎ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ስለነበር ተረፈ።

«ከታርጋ ጻፊው ቤት ቀለም ለምና ነው የሳለቻት» አለች። «አራተኛውን እግር ነገ እጨርሰዋለሁ አለችኝ።»

«እኔ መልሼ እስላታለሁ!» አለ ጋሽ ኪሮስ። «እንደነበረች አስታውሳታለሁ። ሻኛዋን፣ አንገቷን... ሦስቱን እግር፣ ልክ እንደነበረች።»

«እጇን ከየት ታመጣዋለህ?»

ጋሽ ኪሮስ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የቆሻሻ ቆርቆሮ ዘረገፈው። በሽቦና በዝገት መሐል እጁን ሲሰድ ጣቱ ደማ። በመጨረሻ አንዲት ድርቅ ያለች ጥጥ አገኘ። ጫፏ ቢጫ ነበር። ለዘሃራ ዘረጋላት።

ዘሃራ ጥጧን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቤንዚን ብቻ ሸተታት። ቢሆንም በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት፤ ተነሥታም ወጣች። ፋኖሱን አልያዘችም።

«ዘሃራ! ፋኖሱ!» ብሎ ጠራት።

ዞር አላለችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም። ቤቷ ድረስ ይዞላት ሄደ፤ በሯን አልከፈተችለትም። ጋሽ ኪሮስ ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልጨበጠም። ሰው ፋኖስ ይዞለት ሲመጣ «ዐይኔ ደክሟል» ይላል። ዐይኑ ግን ደህና ነበር።

ያን ዕለት፣ ዘሃራ እንደ ወጣች፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ ሐጂ ኢድሪስ እግር ሥር ተቀመጠ።

«ክፉ አስቤ ነው እንዴ ሐጂ? ላሳምርላት ብዬ አይደለም?»

ሐጂ ኢድሪስ የልጅቷን ለቅሶ ያስታውሳል፤ የሚቀበር ሬሳ እንኳ አልተገኘም። የያዘውን ጨርቅ ጉልበቱ ላይ አጥፎ እንዲህ አለው፦ «አውቃለሁ ኪሮስ፤ ግን እንዲህ ነው፣ ያልታመመ ሲያክሙ፣ ያልሞተ ይቀብሩ።»